ሳይደርስ ስለ ቀረው አደጋ

ሁለት ባቡር ነጂዎች አሉ እንበል። ሁለቱም በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ ነገር ግን በልዩ ልዩ ሐዲድ ላይ ባቡራቸውን ይነዳሉ። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ሐሳባቸው ይበተንና «ቁም» የሚለውን ቀይ መብራት ሳያዩ ያልፉታል። የመጀመሪያው መቶ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ስሕተቱን ዐውቆ ፍሬን ይይዛል፤ ከፊቱ ያለው ሐዲድ ባዶ ስለ ነበረ ማንም ሰው አልተጎዳም፤ ተሳፋሪዎቹም የሆነውን ነገር ሳያውቁ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ሁለተኛውም ልክ እንደዚያኛው መቶ ሜትር ያህል ሄዶ ፍሬን ይይዛል፤ ነገር ግን በዚያች መቶ ሜትር ውስጥ ሌላ ባቡር ሐዲዱን እያቋረጠ ነበርና ብዙ ሰው ይሞታል። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከሁለቱ ሰዎች የበለጠ ያጠፋው ማንኛው ነው?

ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የሰው ልብ ወዲያው ሁለተኛውን ይከሳል፤ ሕግም ብዙውን ጊዜ እርሱን አጥብቆ ይይዛል። ጥቂት ቆየት ብለን ስናስብ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለተኛው ሰው ከመጀመሪያው የተለየ ምን ሠራ? ዐይኑ የሳተው ያው ነው፤ እጁም የዘገየው ያው ነው። ልዩነቱ ሌላው ባቡር በዚያች ደቂቃ በዚያ ስፍራ መገኘቱ ብቻ ነው፤ ይህም በሁለቱም ነጂዎች እጅ ያልነበረ ነገር ነው። በ1976 (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በርናርድ ዊሊያምስ የተባሉ እንግሊዛዊና ቶማስ ኔግል የተባሉ አሜሪካዊ ፈላስፋ ይህንኑ ነገር አንሥተው፣ ሰው ከእጁ ውጭ በሆነ ዕድል ምክንያት ሊመሰገን ወይም ሊነቀፍ ይገባዋልን? ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩም እስከ ዛሬ አልቆመም።

እኔ ግን ስለ ሁለተኛው ሰው ብዙ ለመናገር አላሰብሁም። ስለ እርሱ የሚናገሩ ዳኞችና ጋዜጦች ሞልተዋል። የምናገረው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ማንንም ስላልጎዳው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ራቱን ስለ በላው ሰው። የእርሱን ስሕተት ምን እናድርገው? በምንስ ሚዛን እንመዝነው?

በአገራችን አንድ ሰው ከአደጋ ለጥቂት ያመለጠ እንደ ሆነ «እንኳን አተረፈህ» እንለዋለን፤ እርሱም «ተመስገን» ይላል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ከሞት አፋፍ ተመልሶ የማያመሰግን ሰው ልቡ የደነደነ ነው። ነገር ግን ይህ ቃል ብዙ ጊዜ የነገሩ መዝጊያ ይሆናል። በቅሎዋ ገደል አጠገብ ተሰናክላ ስትነሣ ተመስገን ብለን መንገዳችንን እንቀጥላለን እንጂ፣ ወርዶ ኮርቻው ለምን እንደ ላላ የሚመለከት ጥቂት ነው። ምስጋናና ምርመራ ግን የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። አባቶቻችን በአንድ በኩል «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ፣ በሌላ በኩል ደግሞ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያሉ በዘገየ ጥንቃቄ ቀልደዋል። ምሳሌውን የማያውቅ የለም፤ ችግሩ እሳቱ ገና ጭስ ሳይኖረው እሳት መሆኑን ማወቁ ላይ ነው።

ለዚህ ነገር የባቡር ሥራ ከብዙ ሥራ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ባቡር እንደ አውቶሞቢል ወደ ጎን ሊሸሽ አይችልም፤ ክብደቱም ብዙ ስለ ሆነ ፍሬን ከተያዘ በኋላ እንኳ ረዥም መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ መሐንዲሶች ሰው መሳሳቱ እንደማይቀር አስቀድመው ዐውቀው፣ ከቀዩ መብራት ወዲያ ለስሕተት የሚሆን ባዶ ሐዲድ ይተዋሉ። በእንግሊዝ አገር ይህ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 180 ሜትር ያህል ነው። ነጂው መብራቱን አልፎ በዚያ ርቀት ውስጥ ከቆመ ከማንም ጋር አይጋጭም። ይህ የተተወ ሐዲድ በእኔ አስተያየት ብዙ የግብረ ገብ መጻሕፍት የማይናገሩትን ይናገራል፤ ሰው ፍጹም አይደለምና ለድካሙ ስፍራ ተዉለት ይላል። ነገር ግን ይኸው ስፍራ መልሶ ሰውን ያዘናጋል። ዛሬም ነገም በዚያ ባዶ ሐዲድ ላይ እየቆመ የዳነ ሰው፣ ያዳነው ሐዲዱ መሆኑን ይረሳና የራሱ ብልኅነት ይመስለዋል።

ቀድሞ በእንግሊዝ አገር ቀይ መብራት የታለፈ እንደ ሆነ ነገሩ ከ1 እስከ 8 በሚደርስ ደረጃ ይመደብ ነበር። ባቡሩ ከመብራቱ አልፎ በ23 ሜትር ገደማ ውስጥ የቆመ እንደ ሆነ ደረጃው 1 ነው፤ እስከ 180 ሜትር የሄደ እንደ ሆነ 2 ነው፤ ከዚያ የበለጠ የሄደ 3 ነው። ቀጥሎ ሐዲድ ሲበላሽ፣ ፉርጎ ከሐዲድ ሲወጣ፣ ግጭት ሲሆን፣ ሰው ሲቆስል፣ እንዲህ እያለ ይወጣና ሰው የሞተበት 8 ይባላል። ይህ ሚዛን የሆነውን ነገር በሚገባ ይመዝናል፤ ሊሆን ይችል የነበረውን ግን አያውቀውም። ባዶ ባቡር በገጠር መስመር ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ 300 ሜትር ቢያልፍና፣ ሌላው ደግሞ ሰው የሞላበት ፈጣን ባቡር በሚያቋርጥበት መገናኛ ፊት 300 ሜትር ቢያልፍ፣ ማንም እስካልተነካ ድረስ ሁለቱም በመዝገብ ላይ እኩል 3 ሆነው ይጻፋሉ።

በለንደን ከተማ ፓዲንግተን ከተባለው ትልቅ ባቡር ጣቢያ ወጣ ብሎ ላድብሮክ ግሮቭ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ ስፍራ ኤስ ኤን 109 የሚል ቁጥር የተሰጠው አንድ የመብራት ምልክት ነበረ። መብራቱ ከሐዲዶቹ በላይ በተዘረጋ ብረት ላይ ከሌሎች መብራቶች ጋር የተሰቀለ ሲሆን፣ ድልድይና የኤሌክትሪክ ሽቦ መሸከሚያ ብረት ከነጂው ዐይን ይጋርዱት ነበር። ከ1993 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት ይህ መብራት ቀይ ሆኖ ሳለ 8 ጊዜ ታለፈ። በስምንቱም ጊዜ የሞተ ሰው አልነበረም። በየጊዜው ወረቀት ተጻፈ፤ ነገሩ ግን በይበልጥ የነጂው ስሕተት እየተባለ፣ መብራቱ እዚያው እንደ ተሰቀለ ቀረ። የሚያስጠነቅቅ ሰው ጠፍቶም አይደለም፤ አንዲት የባቡር ኩባንያ ኃላፊ በ1998 ስለዚሁ መብራት ምን እንደ ታሰበ በደብዳቤ ጠይቀው ነበር።

ኦክቶበር 5 ቀን 1999 ከጧቱ 2 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ ፈቃዱን ካገኘ ሁለት ሳምንት ያህል የሆነው አንድ ነጂ ከፓዲንግተን ወደ ምዕራብ ወጣ። የጧት ፀሐይ ከበስተኋላው ዝቅ ብላ ብርሃኗን በመብራቶቹ ላይ ጥላ ነበር። ያ መብራት ለዘጠነኛ ጊዜ ታለፈ። በዚያ ቀን ግን ሐዲዱ ባዶ አልነበረም፤ ወደ ለንደን የሚገባ ፈጣን ባቡር ከፊት ለፊት መጣ። ሁለቱም ባቡሮች ተጋጭተው እሳት ተነሣና ሁለቱን ነጂዎች ጨምሮ 31 ሰዎች ሞቱ፤ ከ400 በላይ ቆሰሉ። በኋላ ሎርድ ከለን የተባሉ የስኮትላንድ ዳኛ ነገሩን በሰፊው መረመሩ። ነጂው በሥልጠናው ጊዜ ያ መብራት ብዙ ጊዜ የታለፈ መሆኑ እንኳ አልተነገረውም ነበር።

እስቲ ስለነዚያ ስምንት ወረቀቶች እናስብ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። አንዱ ነጂ ደክሞት ይሆናል፤ ሌላው ቸኩሎ ይሆናል ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ስምንቱን አንድ ላይ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ሰዎቹ ልዩ ልዩ ናቸው፤ መብራቱ ግን አንድ ነው» የሚል ሰው ቢገኝና ቃሉ ቢሰማ ኖሮ ነገሩ ትንሽ እንዳልነበረ በተገለጠ ነበር። ትንሽነት ብዙ ጊዜ በነገሩ ውስጥ ያለ አይደለም፤ ነገሩን ከሌላው ለይተን ስለምናየው የሚመጣ ነው።

ከዚህ አደጋ በኋላ በነበሩት ዓመታት እንግሊዞች ሚዛናቸውን ለወጡ። አዲሱ ሚዛን ከ0 እስከ 28 ይቆጥራል፤ የሚጠይቀውም «ምን ሆነ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ሊሆን ይችል ነበር?» ብሎ ነው። ባቡሩ ከሌላ ባቡር ጋር ሊጋጭ ከሚችልበት ስፍራ ምን ያህል ቀረበ? በዚያ ስፍራ ምን ዓይነት ባቡር በምን ፍጥነት ያልፋል? ስንት ሰው ይጫንበታል? እንዲህ እየተባለ ሲመዘን፣ በአሮጌው መዝገብ እኩል 3 ተብለው የነበሩት ሁለቱ ባቡሮች እጅግ የተራራቁ ሆነው ይገኛሉ። አንዱ ጥቂት ቁጥር ይዞ ይቀራል፤ ሌላው፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይቧጨርበት፣ ወደ ላይኛው ቁጥር ይወጣል።

እኔ በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ ነገሩን ያቆመው ምንድን ነው? ባቡሩን ያቆመው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ከሆነ፣ መሣሪያው ሥራውን ሠርቷልና ልባችን ቢያርፍ አያስነቅፍም። ያቆመው የነጂው ንቃት ከሆነ፣ ንቃት ዛሬ ኖሮ ነገ የሚጠፋ ነገር ነውና ግማሽ ዕረፍት ብቻ ይገባናል። ከሁለቱም አንዱ ሳይኖር አደጋውን ያስቀረው የዚያ ቀን ሐዲድ ባዶ መሆኑ ብቻ ከሆነ ግን፣ በእውነቱ ያቆመው ነገር የለም። አደጋው ሙሉ በሙሉ ደርሷል፤ የጎደለው ሟቹ ብቻ ነው።

ምናልባት አንባቢው «እንግዲያው ሁለቱን ነጂዎች እኩል እንያቸው ማለትህ ነውን? ልጇ የሞተባት እናት ይህን ትቀበላለችን?» ይል ይሆናል። አይደለም። ሁለት ሚዛን አለና ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። አንዱ የሐዘን ሚዛን ነው፤ ይህ የሆነውን ነገር ይመዝናል፤ ለሞተው እናለቅሳለን፣ ላልሞተው አናለቅስም፤ ሰው የሞተበት ነጂም ዕድሜውን ሁሉ የሚሸከመው ነገር አለ። ሁለተኛው የጥንቃቄ ሚዛን ነው፤ ይህ የሚመለከተው ወደ ነገ ነው፤ ለእርሱ ሁለቱ ስሕተቶች አንድ ናቸው፣ ነገ ሁለቱም እኩል ሊገድሉ ይችላሉና። እናቲቱን የሚያጽናና ሰው በመጀመሪያው ሚዛን ይመዝን። የሐዲድ አለቃ ግን በመጀመሪያው ከመዘነ፣ ደም ካላየ በቀር አይነቃም ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ ያለ ልክ የወሰዱት ደግሞ አሉ። በአሜሪካ አገር በኢንሹራንስ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሄርበርት ሃይንሪሽ የተባለ ሰው በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለአንድ ከባድ ጉዳት 29 ቀላል ጉዳቶችና ምንም ጉዳት ያልደረሰባቸው 300 አደጋዎች ይገኛሉ ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ እጅግ ታወቀና በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በኋላም ሊቃውንት በብርቱ ነቀፉት። የእኔ ቅሬታ በቁጥሩ ላይ ብቻ አይደለም። ብዙ አለቆች ከዚህ ተነሥተው ትንሹን ሁሉ ቢቀንሱ ትልቁም በዚያው ልክ የሚቀንስ መሰላቸው። በመሳፈሪያው ደረጃ ላይ ያዳለጠው ሰውና የታለፈ ቀይ መብራት ግን ዘመዳሞች አይደሉም። ደረጃውን ሁሉ ቢያደርቁት መብራቱ አይታይም። ሁሉን ነገር እኩል የሚፈራ ሰው ሁሉን እኩል ከሚንቅ ሰው ብዙም አይሻልም፤ ሁለቱም አልመዘኑምና። በጠረጴዛው ላይ አንድ ሺህ ወረቀት የተከመረበት አለቃ፣ ያቺ አንዲት ክፉ ወረቀት በመካከሉ ተሰውራ ብታመልጠው ምን ያስደንቃል?

ሌላው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው፤ ይኸውም ነገሩን በመመዘን ፋንታ ሰውየውን መመዘን ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በጃፓን አገር የደረሰ ነገር ነው።

ኤፕሪል 25 ቀን 2005 በኦሳካ ከተማ አቅራቢያ አንድ የ23 ዓመት ወጣት የተሳፋሪዎች ባቡር ይነዳ ነበር። ኢታሚ ከተባለው ጣቢያ ሲደርስ የሚቆምበትን ስፍራ 72 ሜትር አልፎ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመልሶም ሰው አወረደና አሳፈረ። ከሰዓቱም አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ዘገየ። ይህ እንግዲህ ትንሽ ነገር ነው፤ ማንንም አልጎዳም። ነገር ግን ይህ ወጣት ባለፈው ዓመት እንዲሁ አንድ ጣቢያ 100 ሜትር አልፎ ቆሞ ስለ ነበረ፣ ለ13 ቀን ከሥራው ተነሥቶ ነጂዎች አጥብቀው ወደሚፈሩት «ትምህርት» ተልኮ ነበር። ስሙ ትምህርት ይባል እንጂ የጸጸት ጽሑፍ ደጋግሞ መጻፍና በአለቆች መገሠጽ የበዛበት ቅጣት ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ከኋላ ላለው የባቡሩ ተቆጣጣሪ በስልክ ደውሎ ርቀቱን ቀነስ አድርጎ እንዲናገርለት ለመነው። ተቆጣጣሪውም ለማዘዣው ክፍል በሬዲዮ 8 ሜትር ብሎ ነገረ።

ነጂው ይህን ንግግር በጆሮው እየተከታተለ ሳለ፣ ከፊቱ ጠመዝማዛ ሐዲድ መጣ። በዚያ ስፍራ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባቡሩ ግን በ116 ገባ። ፉርጎዎቹ ከሐዲዱ ወጥተው ከአንድ ትልቅ መኖሪያ ሕንፃ ጋር ተላተሙ። ነጂውን ጨምሮ 107 ሰዎች ሞቱ፤ 562 ቆሰሉ። በ2007 የወጣው የመርማሪዎች ሪፖርት፣ ነጂው ፍሬን ለመያዝ የዘገየው ሐሳቡ በዚያ የሬዲዮ ንግግር ተይዞ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ባቡርን በራሱ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አልተተከለም ነበር።

እነዚህ ሰዎች እንደ እንግሊዞቹ ትንሹን ነገር ንቀው አልተዉትም። እንዲያውም እጅግ አክብደውት ነበር። ነገር ግን ያከበዱት በነጂው ትከሻ ላይ ነው። 72 ሜትር ሲያልፍ «ለምን አለፈ? ሰዓቱ ጠቦበት ይሆን? ሌሎችስ ነጂዎች እንዲሁ ይሆናሉን?» ብለው ይጠይቃሉ ብሎ ቢያምን ኖሮ፣ ያ ወጣት 72ን 8 ለማድረግ ምን ምክንያት ነበረው?

ውሃ የሚቀዳ ልጅ እንስራው መሰንጠቁን ባየ ጊዜ ለእናቱ መንገር አለበት። ነግሮ የተመታ እንደ ሆነ ግን ሌላ ቀን ስንጥቁን በእጁ ሸፍኖ ይመጣል፤ እንስራው በመንገድ ላይ እስኪፈርስ ድረስም ቤቱ ሰላም ይመስላል። ቅጣት ፈጽሞ አይኑር ማለቴ አይደለም። ሰክሮ የሚነዳ፣ ዐውቆ የሚጥስ፣ መዝገብ የሚፍቅ ሰው ሊቀጣ ይገባዋል። ሳያውቅ ተሳስቶ በገዛ አፉ የተናገረ ሰው ግን ለሌሎቹ ዐይን ሆኗቸዋል፤ ዐይንን መውጋት ደግሞ ጥንቃቄ ሊባል አይችልም። በስኮትላንድ ባቡር ሠራተኞች ዘንድ በ1996 አንድ ነገር ተጀመረ፤ ሠራተኛው ያየውን ወይም የሠራውን ስሕተት ከአለቃው ውጭ ለሆኑ የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይነግራል፤ እነርሱም ስሙን ሰውረው ነገሩን ብቻ ለኩባንያው ያስተላልፋሉ። ከላድብሮክ ግሮቭ አደጋ በኋላ ይህ በብሪታንያ ሁሉ ተስፋፋ። ስሙ የተሰወረ ሰው ሊዋሽ ይችላል ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ ነገር ግን ስሙ የታወቀ ሰውም 8 ሜትር ብሎ ይናገራል።

ይህን ሁሉ ከሩቅ አገር ባመጣም ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። የጅቡቲው ምድር ባቡር ሥራ በ1897 ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በዚህም መስመር ላይ በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ጠመዝማዛውን ሲዞር ፍጥነቱን ስላልቀነሰ ፉርጎዎቹ ገደል ገብተው 400 ያህል ሰው አለቀ። ይህን ቀን እናስታውሳለን፤ ማስታወሳችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሕዝብ ትዝታ የሚሠራው በሐዘን ሚዛን ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰው ያልሞተበትን ቀን ለማስታወስ የተለየ ሰው ተቀጥሮ መጻፍ አለበት። በ2015 የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር፣ በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ተመርቀዋል። በእነዚህ መስመሮች ላይ የሚነዱትና ምልክት የሚጠብቁት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡትም መካከል ነገ አንዱ የእነርሱ አለቃ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ነጂ ቢሮው ገብቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ መብራቱን አለፍሁት፤ ማንም አልተጎዳም» ይለው ይሆናል። አለቃው በዚያች ደቂቃ የሚሰጠው መልስ፣ ከዚያ በኋላ በዚያ መሥሪያ ቤት ማን እውነቱን እንደሚናገር ይወስናል።

በብሪታንያ ከ2005 ጀምሮ የባቡር አደጋ የሚመረምር የተለየ መሥሪያ ቤት አለ። ይህ መሥሪያ ቤት ሰው የሞተበትን አደጋ ብቻ ሳይሆን፣ ሁኔታው ጥቂት ቢለወጥ ኖሮ ሰው ሊሞትበት ይችል የነበረውንም ነገር ለመመርመር ሥልጣን አለው፤ ጥፋተኛ ፈልጎ መክሰስ ግን ሥራው አይደለም። መርማሪዎቹ ምንም ወዳልሆነበት ስፍራ ይሄዳሉ፤ ሐዲዱን ይለካሉ፤ ነጂውን ይጠይቃሉ፤ በባቡሩ ውስጥ ያለው መሣሪያ የመዘገበውን ፍጥነት ያነባሉ። ከዚያም ሌላው ባቡር ከዚያ ስፍራ ስንት ሜትር ርቆ እንደ ነበረ በጽሑፍ ያወጣሉ፤ ባቡሩ ውስጥ ለነበሩትም ሰዎች የዚያ ቀን ጉዞ ምን እንደ ነበረ የሚገለጥላቸው ያን ጊዜ ነው።